ቁስል ሲቆጣ፦ የላስታ ደጋ የቁስል መድኃኒቶች ከብራና እስከ ቤተ ሙከራ

በዛሬው የሰሜን ወሎ ዞን፣ በላስታ ምድር፣ ቀድሞ ሮሃ ትባል በነበረችው በላሊበላ ከተማ የሚገኙት 11 አብያተ ክርስቲያናት ከቀይ የእሳተ ገሞራ ዐለት ተፈልፍለው የታነጹ መሆናቸው በዓለም የታወቀ ነው። ሥራው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከነገሡት ከንጉሥ ላሊበላ ስም ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ሰዎች ቀን ሲጠርቡ የዋሉትን መላእክት ሌሊት ይቀጥሉት እንደ ነበር ትውፊቱ ይናገራል። በ1520ዎቹ ዓመታት ኢትዮጵያን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ስለነዚህ ሕንጻዎች ከጻፈ በኋላ፣ ከዚያ በላይ ቢጽፍ የሚያምነው ሰው እንዳይጠፋ መስጋቱን ገልጿል። ስለ ንጉሡ ቅድስና፣ ስለ ሥራው ጥበብና ስለ ሕንጻዎቹ ውበት በዚህ ዓይነት ብዙ ተጽፏል። የድንጋይ ፍንጣሪ ስለ ሰነጠቀው ግንባር፣ መሮ ስቶ ስላቆሰለው እጅ፣ ዐለት ስለ ጨፈለቀው ጣት ግን የታሪክ መጻሕፍቱ አይናገሩም።

ይሁን እንጂ አልተጻፈም ማለት አልነበረም ማለት አይደለም። ዐለትን በብረት መሣሪያ ለዓመታት የፈለፈለ ሠራተኛ መቁሰሉ፣ የቆሰለውም መታከሙ አይቀርም። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ድንጋያማ በሆነው በላስታ ደጋ ለሚኖረው አራሽ፣ ለእረኛውና ለእንጨት ለቃሚዋ ቁስል የዘወትር ነገር ነው። ማጭድና ምሳር፣ እሾህና ገደል ባሉበት አገር የቁስል መድኃኒት ፈጽሞ የማያውቅ ቤተ ሰብ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ዕውቀት በማን እጅ እንዳለፈ፣ ሲያልፍም ምን እንደ ጎደለበት መመርመር ለመድኃኒት ባለሙያ የታሪክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥራው ጉዳይ ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቁስል ቋንቋ

የአማርኛ ቋንቋ የቁስልን ሂደት በቅደም ተከተል መዝግቦ ይዟል። ቁስል በመጀመሪያ ይደማል፤ ቀጥሎ ይቆጣል፤ ካልታከመ ያመረቅዛል፣ መግልም ይቋጥራል፤ ሲሻለው ይጠግጋል፣ ቅርፊት ያበጃል፤ በመጨረሻም ይሽርና ጠባሳውን ትቶ ይሄዳል። በእነዚህ ቃላት ውስጥ ለመድኃኒት ባለሙያ ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚስበው «ተቆጣ» የሚለው ነው። ቁስሉ ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲግልና ሲጠዘጥዝ ሕዝቡ የሰውን ቁጣ ለቁስሉ ሰጥቶ ይናገራል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስም የብግነት ምልክቶች ብሎ የዘረዘራቸው እነዚህኑ አራቱን፣ ማለትም መቅላትን፣ ማበጥን፣ መሞቅንና መታመምን ነው።

ዘመናዊው ሕክምና የቁስልን መዳን በአራት ደረጃዎች ከፍሎ ያያል። እነዚህም የደም መቆም፣ ብግነት፣ የአዲስ ሥጋና ቆዳ መተካት፣ እንዲሁም የጠባሳው መጠንከር ናቸው። ብግነት በራሱ ጠላት አይደለም። የደም ነጭ ሕዋሳት ወደ ቆሰለው ቦታ የሚደርሱትና የገባውን ተሐዋስያን የሚከላከሉት በእርሱ አማካይነት ነው። ጉዳት የሚያመጣው ከልኩ ሲያልፍና ሲራዘም ነው። ስለዚህ የቁስል መድኃኒት ሥራ ቁጣውን ማጥፋት ሳይሆን ማብረድ ነው። የአገሬው ሰውም አንድን መድኃኒት ሲያመሰግን «ቁጣውን አበረደው» ይላል እንጂ ቁጣውን ገደለው አይልም።

ምድሩና ዕፅዋቱ

የላስታ ምድር ከተከዜ ሸለቆ ተነሥቶ በላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ገደማ ይደርስና በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ቆላው፣ ወይና ደጋው፣ ደጋውና ውርጩ ተደራርበው ስለሚገኙ የዕፅዋቱም ዓይነት የዚያኑ ያህል ይለዋወጣል። ሞቃትና ድንጋያማ በሆነው ዳገት እሬትና ቁልቋል፣ ከዚያ ከፍ ሲል ክትክታና ወይራ፣ በየጓሮው ጌሾ፣ በደጋው ጽድና ኮሶ፣ ከእነርሱም በላይ አምጃ፣ አስታና ጅብራ ይበቅላሉ። በእርሻ ዳርና በእርጥብ መስክ ደግሞ ጎርጠብና መቅመቆ አይታጡም።

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ለቁስል ከሚውሉት መካከል ጎርጠብ፣ በዕፅዋት ሳይንስ ፕላንታጎ ላንሴኦላታ የሚባለው፣ የእረኛ መድኃኒት ሊባል የሚገባው ነው። ቅጠሉ እዚያው በመዳፍ ታሽቶ በሚደማው ቁስል ላይ ይደረጋል። ይኸው ቅጠል በአውሮፓ ገበሬዎችም ዘንድ ለተመሳሳይ ተግባር ይውል ነበር። በውስጡ የሚገኙት አኩቢንና አክቲዮሳይድ የተባሉት ንጥረ ነገሮች ብግነትን የመቀነስ ጠባይ እንዳላቸው፣ ልዝብ ፈሳሹም ቁስሉን እንደሚሸፍን ዛሬ ታውቋል። እንዳሁላ ደግሞ ወፍራም ቅጠሉ በእሳት ተለብልቦ ለብ እንዳለ በእብጠት ላይ ይለጠፋል። የእሬት ቅጠል ተሰንጥቆ ውስጡ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ነገር ለቃጠሎ ይውላል። ከልጡ ሥር የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ግን ሆድን የሚያስቀምጥ ሌላ መድኃኒት በመሆኑ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የክትክታ ቅጠልና የመቅመቆ ሥር ደርቀውና ደቅቀው ይነሰነሳሉ ወይም በቅቤ ይለወሳሉ።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ችግር ቀድሞ ይታያል። እንዳሁላ የሚለው ስም የአንድ ተክል ስም አይደለም፤ ካላንኮ በሚባለው ወገን ውስጥ ያሉትን ብዙ ዝርያዎች በአንድነት የሚያቅፍ ነው። የእሬትም ነገር እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ሲኖሩ ሕዝቡ አብዛኞቹን በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ባለመድኃኒቱ ከቤቱ በስተ ጀርባ ካለው ዳገት የትኛውን እንደሚቆርጥ ያውቃል። ስሙን ብቻ ሰምቶ የሄደ ሰው ግን ሌላውን ሊቆርጥ ይችላል።

ማርና ቅቤ

ዕፅዋቱን ለቁስል የሚያበቃቸው ቅመማው ነው። የላስታ ባለመድኃኒት በእጁ ያሉት ማውጫዎች ውኃ፣ ቅቤ፣ ማርና አረቄ ናቸው። በመድኃኒት ቅመማ ዓይን ሲታይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በውኃ የሚሟሟው በውኃ፣ በቅባት የሚሟሟው በቅቤ፣ በአልኮል የሚሟሟው በአረቄ ይወጣል። ማሩ ደግሞ ማሰሪያም፣ መድኃኒትም ሆኖ ያገለግላል።

ላሊበላ የሚለው ስም ራሱ በትውፊት ከንብ ጋር የተያያዘ ነው። ንጉሡ በተወለዱ ጊዜ የንብ መንጋ ከቧቸው ስለ ነበር፣ ስማቸው ንቦች ገዥነቱን ዐወቁለት ማለት ነው ተብሎ ይተረጎማል። ዋግና ላስታ እስከ ዛሬም ድረስ ማንጠሴ ከሚባለው ቁጥቋጦና ከመሰሎቹ አበባ በሚገኘው ነጭ ማር የታወቁ ናቸው። ማር ለቁስል መዋሉ በዓለም ታሪክ እጅግ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ በግብፅ የተጻፈውና ኤድዊን ስሚዝ በተባለው ሰው ስም የሚጠራው ፓፒረስ ቁስልን በስብ፣ በማርና በጨርቅ ማሰርን ያዛል። ምክንያቱ ዛሬ ግልጽ ሆኗል። ከማር ክብደት 80 በመቶ ያህሉ ስኳር በመሆኑ ውኃን ከተሐዋስያን ይስባል፤ ኮምጣጣነቱም እድገታቸውን ይገታል፤ በቁስሉ ፈሳሽ ሲቀጥን ደግሞ በውስጡ ያለው ኤንዛይም ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያመነጫል። በ2007 በዩናይትድ ስቴትስ ለቁስል ማሸጊያነት የተዘጋጀ ማር ለገበያ እንዲውል ተፈቅዷል። ይህ ማር ግን ከቀፎ እንደ ወጣ የሚቀባ ሳይሆን በጨረር ከተሐዋስያን የጸዳ ነው። በጥሬው ማር ውስጥ የአንዳንድ ባክቴሪያዎች ዘር ሊኖር ስለሚችል ጥንቃቄው አስፈላጊ ነው።

የቅቤውም ነገር ከዚህ ያላነሰ ትምህርት ይሰጣል። መቅመቆ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሩሜክስ አቢሲኒኩስ፣ በየገበያው የሚሸጠው ለቁስል ብቻ አይደለም። ባለሙያዋ ሴት ቅቤ ስታነጥር መልኩ እንዲያምርና እንዲጣራ ትጨምረዋለች፤ ቅቤውም ቢጫ ቀለም ይዞ ይወጣል። ያ ቀለም ከሥሩ ወደ ቅባቱ መሻገሩ በመድኃኒት ቅመማ ቋንቋ ንጥረ ነገርን በቅባት ማውጣት ማለት ነው። እንግዲህ በማእድ ቤትና በመድኃኒት ቤት መካከል ያለው ድንበር በላስታ ደጋ ቀጭን ነበር። አንዲት እናት ወጥ የምትሠራበትና የልጇን ቁስል የምትቀባበት ቅቤ ከአንድ ማንጠሪያ ሊወጣ ይችላል።

ብራናውና ምስጢሩ

ቤተ ሰብ ሁሉ ከሚያውቀው መድኃኒት ሌላ የባለሙያዎች ድርሻ የሆነ ዕውቀት ነበር። ስብራትን ወጌሻው፣ ከባድ ቁስልንና ሥር የሰደደ እባጭን መድኃኒተኛው ይይዙ ነበር። ይህ ሙያ ዋጋ የሚጠየቅበት ነበር። ደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከግብፆች ጋር ባደረጉት ውጊያ ቆስለው ሳለ ሐኪሙ ከመሥራቱ በፊት ዋጋውን መጠየቁ፣ የባለቤታቸው አያት ወይዘሮ መነንም ለዚህ ሲለመኑ በንቀት ቁራጭ ሥጋ መላካቸውና ይህም ቂም ማትረፉ በሰፊው ይተረካል። ትረካው ስለ ቂሙ ብዙ ይናገራል። ለመድኃኒት ታሪክ የሚጠቅመው ግን አንድ ነገር ነው፤ የቁስል ዕውቀት ንብረት ነበር። ንብረት የሆነ ነገር ደግሞ ይደበቃል። መድኃኒተኛው ዕውቀቱን ለሁሉም ልጆቹ አያወርስም። ከመካከላቸው ለሚያምነው ለአንዱ፣ ያንንም ብዙ ጊዜ በእርጅናው ዘመን ያስተላልፋል። ተክሉን ማንም ሳያየው በማለዳ ይቆርጣል፤ ስሙንም አይጠራም። ለዚህ ምስጢራዊነት ሌላም ምክንያት ነበረው። «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» የሚለው አነጋገር የስድብ ቃል በሆነበት ኅብረተሰብ ውስጥ ዕውቀትን በአደባባይ ማሳየት ያስጠረጥር ነበር።

ከቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች የወጡት ደብተራዎች ግን ከዚህ ዕውቀት ከፊሉን በብራና አስፍረዋል። መጽሐፈ መድኃኒት በሚል ጥቅል ስም የሚታወቁት እነዚህ ጽሑፎች ግእዝና አማርኛ እየቀላቀሉ፣ የበሽታውን ስም በማስቀደም፣ ከዚያም የሚያስፈልገውን ሥር፣ ቅጠልና ፍሬ በመዘርዘር የተጻፉ ናቸው። ከዕፅዋቱ መድኃኒት ጎን ጸሎትና አስማት ይገኝባቸዋል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ በ1930 በፓሪስ አሳትሟል። ፖላንዳዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን ደግሞ የመድኃኒት ብራናዎችን በ1968፣ የዕፅዋትን ስምና አገልግሎት ጥናቱን በ1973 አሳትሞ ለዘርፉ መሠረት ጥሏል።

ስትሬልሲን ስሞቹን ለብቻቸው ማጥናት የነበረበት ያለ ምክንያት አይደለም። ብራናው የተክሉን ስም ይዟል፤ ተክሉን ግን አልያዘም። ሥዕል የለውም፤ ቅጠሉ እንዲህ፣ አበባው እንዲያ ነው አይልም። ጸሐፊው የሚጽፈው ለራሱና ለተማሪው ስለ ነበረ ይህ አያስፈልገውም ነበር። ተማሪው ተክሉን ከመምህሩ ኋላ ኋላ ተራራ እየወጣ በዓይኑ ያያል። ያ የመምህርና የተማሪ ሰንሰለት በተቆረጠበት ቦታ ሁሉ ግን ብራናው መልስ እንደሌለው እንቆቅልሽ ይቀራል። ስም ከአገር አገር ይለያያልና በጎንደር የተጻፈ የተክል ስም በላስታ ሌላ ተክል ሊሆን ይችላል።

መንገደኛውና ዋጊኖስ

ተክሉን ከነስሙ ይዘው የሄዱት የውጭ አገር ተጓዦች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይጠቀሳል። ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 ድረስ በኢትዮጵያ ቆይቶ የጉዞውን ታሪክ በ1790 ሲያሳትም ከገለጻቸው ዕፅዋት መካከል ኮሶና ዋጊኖስ ይገኙበታል። አባሎ ተብሎም የሚጠራው ዋጊኖስ ራሱን ብሩስን ከተቅማጥ ሕመም ያዳነው መድኃኒት ነበርና፣ ሳይንቲስቶች ለመታሰቢያው ተክሉን ብሩሴያ አንቲዲሰንተሪካ ብለው ሰየሙት። በኢትዮጵያውያን እጅ ዘመን ያስቆጠረ ተክል በዓለም መዝገብ ላይ በአንድ ሕመምተኛ መንገደኛ ስም ተመዘገበ ማለት ነው።

የዋጊኖስ ታሪክ በዚህ አላበቃም። በ1973 አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከዚህ ተክል ብሩሴያንቲን የተባለ ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን አስታወቁ። በእንስሳት ላይ የደም ካንሰርን ሲገታ በመታየቱ ብዙ ተስፋ ተጣለበት። ይሁን እንጂ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰዎች ላይ በተደረጉት ሙከራዎች ዕጢን ሲያሟሽሽ ባለመታየቱ ነገሩ ተቋረጠ። በዚህ ሁሉ ጊዜ በአገሬው ሰው ዘንድ የሥሩ ልጥና ዘሩ ደቅቆ ለቆዳ ቁስል መዋሉ አላቆመም። መንገደኛው ተክሉን ወሰደ፤ ቤተ ሙከራው ንጥረ ነገሩን ወሰደ፤ የቁስሉ ጥያቄ ግን በመጣበት ቦታ ቀረ።

ሕግ፣ ማኅደርና ቤተ ሙከራ

በኢትዮጵያ የአገር ባህል ሕክምናን ከጠቀሱት መንግሥታዊ ሕጎች አንዱ የሐኪሞችን ምዝገባ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 100/1948 ነው። አዋጁ በየአካባቢው ሕዝብ ዘንድ የታወቁ የባህል ሐኪሞች ሙያቸውን እንዳይሠሩ አልከለከለም። በ1959 ብሔራዊው ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ማኅደር፣ በ1961 ደግሞ የፋርማሲ ትምህርት ቤት በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋሙ። በ1978 በአልማ አታ የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ስለ መሠረታዊ ጤና አጠባበቅ ከመከረ በኋላ፣ በ1979 በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ውስጥ የባህል ሕክምናን የሚያስተባብር ጽሕፈት ቤት ተከፈተ። ከ1980 እስከ 2009 ድረስ ደግሞ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ተዘጋጅቶ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ተገለጡበት። ብራናው ያልነበረው የተክል ማንነት በዚህ መዝገብና በማኅደሩ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ የቤተ ሙከራው ተራ መጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ጥናት የመቅመቆን ሥር በ80 በመቶ ሜታኖል ዘፍዝፈው ያወጡትን ንጥር በ5 እና በ10 በመቶ ቅባት አዘጋጅተው በአይጦች ቁስል ላይ ፈትነውታል። ቁስሉ ቶሎ መኮማተሩን፣ አዲስ ቆዳ ለመሸፈን የሚፈጀው ጊዜ ማጠሩን፣ ብግነቱም መቀነሱን አሳይተዋል። በ2021 የታተመ ሌላ ጥናትም የዋጊኖስን የሥር ልጥ፣ የክትክታንና የጌሾን ቅጠል በተመሳሳይ መንገድ በአይጦች ላይ መርምሯል። ጠጅና ጠላ የሚጠመቅበት ጌሾ በቁስል መድኃኒት ተራ መቆሙ የማእድ ቤቱንና የመድኃኒት ቤቱን ዝምድና እንደገና የሚያስታውስ ነው።

እነዚህ ጥናቶች የሕዝቡ አስተያየት መሠረት የሌለው እንዳልነበረ ያሳያሉ። ነገር ግን ከሚሉት በላይ ማስባል ተገቢ አይደለም። በመጀመሪያ፣ የአይጥ ቁስል በአብዛኛው የሚዘጋው ቆዳዋ ተኮማትሮ ሲሆን የሰው ቁስል ግን ይበልጡን የሚድነው አዲስ ሥጋና ቆዳ ተክቶ ነው። በአይጥ ላይ የታየው ፍጥነት በሰው ላይ እንዲሁ ይደገማል ማለት አይቻልም። በሁለተኛ ደረጃ፣ በ2015ቱ ጥናት የተፈተነው በሜታኖል የተነጠረው መቅመቆ እንጂ በቅቤ የተነጠረው መቅመቆ አልነበረም። ሜታኖል ከሥሩ የሚያወጣውና ቅቤ የሚያወጣው አንድ አይደለም፤ መጠኑም አንድ አይሆንም። ስለዚህ ጥናቱ የተክሉን አቅም አሳየ እንጂ የላስታዋ እናት የምትቀባው ቅባት ምን እንደሚሠራ አልመለሰም። ብራናው ስሙን ይዞ ተክሉን እንደ ጣለ ሁሉ፣ ቤተ ሙከራውም ተክሉን ይዞ ቅመማውን ጣለ።

የጎደለውና የቀረው

ይህ ጉድለት በጊዜ ብዛት የሚሞላ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበ ነበር። ነገር ግን ዕውቀቱን የያዙት ሰዎችም፣ ዕፅዋቱም ባሉበት አልቆዩም። በ1966 ዓ.ም. የታወቀው የወሎ ረኃብና በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅና ረኃብ የላስታንና የአካባቢዋን ሕዝብ ክፉኛ ጎድተዋል። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ሠፈራ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲወሰድ ከፍተኛው ቁጥር የወሎ ሰው ነበር። የደጋ ሰው ሞቃትና ጫካማ ወደ ሆነ አገር ሲወርድ ስሙንና ቅመማውን በአእምሮው ይዞ ሄደ፤ ጎርጠቡና እንዳሁላው ግን ከኋላው ቀሩ። የላስታ ጎረቤት በሆነችው በደላንታ ስለ መድኃኒት ዕፅዋት ተደርጎ በ2016 የታተመ ጥናት ሠፈራ በዚህ ዕውቀት ላይ ያስከተለውን ውጤት አንዱ ጥያቄው ማድረጉ ነገሩ የታሰበበት መሆኑን ያመለክታል።

ዕፅዋቱም ቢሆኑ በእርሻ መስፋፋትና በማገዶ ፍላጎት ምክንያት ከብዙው ዳገት ሸሽተዋል። በላስታ ያረጁ የጽድ ዛፎችን ማየት የሚፈልግ ሰው እንደ ይምርሐነ ክርስቶስ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ይሄዳል። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ዙሪያም ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው ክልል ተከልሏል። እነዚህ ሥፍራዎች ለመድኃኒት ባለሙያ የአምልኮትና የመልክዐ ምድር ሥፍራዎች ብቻ ሳይሆኑ የብራናው ስሞች ዛሬም ከነቅጠላቸው የሚታዩባቸው ማኅደሮች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ጋር በሽተኛው ሊዘነጋ አይገባም። በመሬት ላይ የተወቀጠ ቅጠል፣ ባልታጠበ እጅ የተለወሰ ቅቤ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታን ዘር ወደ ቁስሉ ሊያስገባ ይችላል። ጥልቅ ቁስል፣ የእንስሳ ንክሻ፣ የስኳር በሽተኛ የእግር ቁስልና ሰፊ ቃጠሎ የጤና ጣቢያ እንጂ የጓሮ ሥራ አይደሉም። ባለመድኃኒቱን የናቀ ባለሙያ ግን ይህን ሊያስተምረው አይችልም። ቁስለኛው አስቀድሞ ወደሚያምነው ወደ መድኃኒተኛው ሄዶ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ቁስሉ ካመረቀዘ በኋላ ነውና፣ በሁለቱ መካከል መከባበር አለመኖሩ የሚጎዳው እርሱን ነው።

ስለዚህ ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ስም ያለ ተክል፣ ተክል ያለ ቅመማ፣ ቅመማም ያለ ባለቤቱ አይመዘገብም። በላስታም ሆነ በሌላ ደጋ የሚሠራ ፋርማሲስት አንድን የቁስል መድኃኒት ሲመዘግብ ተክሉን ከነአበባው አድርቆ ወደ ማኅደር መላክ፣ የአካባቢውን ስም እንደ ሰማው መጻፍ፣ የትኛው ክፍል፣ በየትኛው ወር፣ በምን ያህል ቅቤ ወይም ማር፣ ስንት ጊዜ እንደሚቀባ ማስፈር ይገባዋል። ምርምር ሲደረግም በሜታኖሉ ጎን ቅቤውን መፈተን ያስፈልጋል። የማኅበረሰብ ዕውቀትና መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/2006 የባለ ዕውቀቱ ማኅበረሰብ አስቀድሞ ዐውቆ እንዲፈቅድና ከጥቅሙ እንዲካፈል ደንግጓል። ዋጊኖስን በመንገደኛ ስም ያስመዘገበው ዓይነት ታሪክ እንዳይደገም ሕጉ አለ፤ የሚቀረው የባለሙያው ጥንቃቄ ነው።

የላሊበላን ዐለት የፈለፈሉት ሠራተኞች ቁስላቸውን በምን እንዳሻሩ የሚነግር ብራና አልተገኘም። ስለ እነርሱ የሆነው ሆኗል። ዛሬ በአቡነ ዮሴፍ ግርጌ የልጇን ቁስል በመቅመቆ ቅቤ የምትቀባው እናት ግን ገና ልትጠየቅ ትችላለች።